ሲሞቃት የምትሞት መኪና፦ ከአዳማ እስከ መካነ ሰላም

ቤታችሁ ውስጥ በጥፊ ካልተመታ የማይሠራ ሬዲዮ ኖሯችሁ ያውቃል? ወይም ጠዋት ደህና የነበረ፣ ከሰዓት ሲሞቀው ዝም የሚል፣ ማታ ሲበርደው ደግሞ ምንም እንዳልሆነ የሚያወራ ቴሌቪዥን? እኛ ቤት እንዲህ ያለ ሬዲዮ ነበር። አባቴ በመዳፉ፣ እናቴ በነጠላ ጫማ ይመቱታል፤ ለሁለቱም ይታዘዛል። ለምን እንደሚታዘዝ የገባኝ ግን ፊዚክስ ማስተማር ከጀመርኩ በኋላ፣ ባለፈው ጥር፣ በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ከአዳማ ወደ መካነ ሰላም ስጓዝ ነው።

የወሰደችኝ ሐዋ ናት። አዳማ ውስጥ በአንድ ግቢ ተከራይተን እንኖራለን። ሐዋ የመካነ ሰላም ልጅ ናት፤ ዓረብ አገር ብዙ ዓመት ሠርታ ተመልሳለች። እዚያ የአሠሪዎቿን ልጆች ትምህርት ቤት የምታመላልሰው እሷ ስለነበረች መንዳት የተማረችው በሰው አገር ነው። ስትመለስ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ጋራዥ ጥግ አቧራ ለብሳ የቆመች ቀይ የስፖርት መኪና ገዛች። አሮጌ ናት፤ ከኔ ትበልጣለች። ሁለት ሰው ብቻ ትይዛለች፤ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረው። የፊት መብራቶቿ ኮፈኑ ውስጥ ተኝተው ይውሉና ማብሪያው ሲነካ እንደ ዐይን ብቅ ይላሉ። በእርጅና ምክንያት ግን የምትገልጠው ግራ ዐይኗን ብቻ ነው።

ሐዋ ይህችን መኪና የገዛችው ለታናሽ እህቷ ለዘይነብ ስትል ነው። ዓረብ አገር ሳለች በደወለች ቁጥር «ከአባዬ ቤት የማወጣሽ እኔ ነኝ፤ በራሴ መኪና» ትላት ነበር። የዘይነብ የሠርግ ቀን ሲቆረጥ የሙሽራው ወገኖች ሙሽራ የምትሄደው በወንዱ ወገን መኪና ነው ብለው ነበር። ሽማግሌ ገብቶ በመጨረሻ ተስማሙ፦ እሑድ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በፊት ሐዋ ከደረሰች እሷ ትውሰዳት፤ ካልደረሰች ግን የእነሱ ሚኒባስ አይጠብቅም።

ዘይነብ በስልክ «እውነት ትደርሻለሽ?» አለቻት።

«ወላሂ እደርሳለሁ» አለች ሐዋ። ስልኩን ዘግታ ወደኔ ዞረች። «ቲቸር፣ ፊዚክስሽን ያዢና ተነሽ።»

ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ወጣን። አዲስ አበባን፣ ሙከ ጡሪን አልፈን ለሚ ስንደርስ ደስታችን ወደር አልነበረውም። ከለሚ በኋላ መንገዱ ወደ ጀማ ወንዝ ይወርዳል። አንዱ ቁልቁለት አለቀ ሲሉት ሌላ ይጀምራል፤ ከደጋ ጋቢ ለብሶ የተነሣ ሰው ታች ሲደርስ ሸሚዙም ይከብደዋል። ሙቀቱ የአዳማን ሚያዝያ ያስታውሳል፤ አዳማ ግን ቢያንስ ነፋስ አላት። ፍሬኑ እንዲቀዘቅዝ ብለን ድልድዩ አጠገብ ዛፍ ሥር አቆምን። ውሃ ጠጥተን ሐዋ ቁልፉን ስታዞር ማስነሻው ሞተሪኖ ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሣም።

«ኧረ ተነሽ እታለም!» አለቻት፣ መሪውን እየዳበሰች።

አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ቆሞ ወረደና ዙሪያዋን ዞሮ አያት። «ይቺ ሙሉ መኪና ናት ወይስ ግማሽ?»

«ቀሪውን ስትበላ ታድጋለች» አለች ሐዋ።

ሰውየው ስቆ ባትሪውንም ፊውዞቹንም አየልን፤ ሁሉም ደህና ነው። የሚያደርገው ሲያጣ ጥላ ሥር አብሮን ተቀምጦ ብርቱካን ላጠልን። ፀሐይዋ ከገደሉ ጀርባ ስትገባ ሐዋ ተስፋ ሳይኖራት ቁልፉን ነካችው። ተነሣች። «ሴት ልጅ እንዲህ ናት፤ አኩርፋ ነበር» አለ ሾፌሩ። ሐዋ «ያስኮረፋት ያንተ ፊት ነው» ብላው ሄድን። ዓለም ከተማ የደረስነው ሲመሽ ነው። የሆቴሉ ባለቤት መኪናዋን ከመንገድ ዳር አስነሥታ ግቢዋ ውስጥ፣ ከራሷ መኝታ ቤት መስኮት ሥር አስቆመቻት። «እንዲህ ያለ ዕቃ ውጭ አያድርም» አለች። ለእኛ የተሰጠን ክፍል ያን ያህል አልተጠበቀም፤ በሩ መቀርቀሪያ የለውም።

ሐሙስ ሁለተኛው ሸለቆ ጠበቀን፤ ወንጪት። ወንዙ ዳር ከብት እስኪያልፍ ብላ ሐዋ ሞተሩን አጠፋች። ከዚያ በኋላ አልነሣም አለ።

እኔ ክፍል ውስጥ ተማሪዎቼን የምለው አንድ ነገር አለ፦ ከመነካካታችሁ በፊት የሚመሳሰለውን ፈልጉ። ሁለቴም የቆመችው ሸለቆ ውስጥ ነው። ሁለቴም ስትሄድ አይደለም፣ አጥፍተናት ነው። ሁለቴም ሞቃት ነበረች።

«ሐዋ፣ ደህና በሆነች ጊዜ ቁልፉን ስትከፍቺ ምን ትሰሚያለሽ?»

ዐይኗን ጨፍና አሰበች። «ከኋላዬ 'ጥዝዝ' የሚል ነገር አለ። ትንሽ ቆይቶ ዝም ይላል።»

«አሁንስ?»

ቁልፉን ከፈተችው። ምንም የለም።

ያ ድምፅ የነዳጅ ፓምፑ ነው። ፓምፑ መብራት የሚያገኘው ሪሌይ በሚባል፣ ከክብሪት ሣጥን ትንሽ ከፍ ባለ ዕቃ በኩል ነው። ሪሌይ እንደ ዘበኛ ነው፤ ቁልፉ ሲያዘው በሩን ከፍቶ መብራቱን ያሳልፋል። ውስጡ ያሉት እግሮች የተያያዙት ስታኞ በሚባል ቀልጦ በሚረጋ ብረት ነው። ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል። ዓመት ከዓመት ሲለጠጥና ሲሰበሰብ የኖረ ስታኞ እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ሲበርድ ይገጥማል፣ ሲሞቅ ይከፈታል። የቤታችን ሬዲዮ በጥፊ የሚነቃውም፣ እንግዲህ፣ ጥፊው የተላቀቀውን ስለሚያገጥመው ነው!

ይህን ሁሉ ለሐዋ እዚያው ወንዝ ዳር አብራራሁላት። «እሺ ቲቸር፣ ማስታወሻውን ስመለስ እገለብጣለሁ፤ አሁን ምን እናድርግ?» አለች። ነጠላዬን ወንዝ ውስጥ ነክሬ ጨመቅሁትና ከመሪው ሥር ገብቼ ሪሌዩ ላይ ጠቀለልኩት። እየቆየሁም ነጠላውን አራገብኩት። በመጨረሻ ከኋላ 'ጥዝዝ' አለ። ሐዋ የጮኸችው እልልታ ከብቶቹን አስበረገጋቸው፤ እረኛቸው ሽማግሌ ደግሞ «ወለደች?» ብለው ጠየቁ።

ደጎሎ ላይ ያደርነው በአራት ብርድ ልብስ ነው። አዳማ አንሶላም ይከብደናል። ያሳደሩን ሴትዮ የምንንቀጠቀጠውን አይተው የገብስ በሶ በማር በጥብጠው አመጡልን፤ «ይህን ያልጠጣ እዚህ አያድርም» አሉ። መኪናዋ ግን በብርዱ ነፍስ ዘርታ በመጀመሪያው ቁልፍ ትነሣለች። ሪሌዩን የሚበይድ ሰው ብንጠይቅ የበርና የመስኮት እንጂ እንዲህ ያለ ጥቃቅን ነገር የሚበይድ የለም አሉን። «ወግዲ ሂዱ። መሪማ የምትባል ሞባይል ጠጋኝ አለች።»

ዓርብ ዕቅዳችን ቀላል ነበር፤ ወግዲ እስክንደርስ ሞተሩን አለማጥፋት። ከላላ ከተማን አለፍን። በበቅሎ የሚሄዱ ሰዎች በቅሏቸውን ከመንገድ ያወጡና ቆመው ያዩናል፤ በቅሎዎቹም ያያሉ። ወደ ማምሻው መንገዱን የክረምት ጎርፍ ቆርጦት አገኘነው። ለጭነት መኪና ምንም አይደለም፤ ለበቅሎም ምንም አይደለም። ለእኛ ግን ገደል ነው። ሐዋ ቀስ ብላ የፊት ጎማውን ስታስገባ የመኪናዋ ሆድ ጠርዙ ላይ ተንጠለጠለ፤ በስንት ትግል ወደ ኋላ መለስናት። ከዚያ ሐዋ ወርዳ ለማየት ሞተሩን አጠፋችው። እንዳጠፋችው እጇን አፏ ላይ ጫነች።

መኪናዋ ሞቃ ነበር። 'ጥዝዝ' የለም።

ብትነሣስ በየት ትሻገራለች? ዓርብ ማታ ነው። ቀሪው ቀን ቅዳሜ ብቻ ነው። ሐዋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ቁልፉን በመዳፏ ታገላብጥ ጀመር።

ከእርሻ የሚመለሱ አንድ ሰው አጠገባችን ቆሙ። ጋሽ ደምሌ ይባላሉ፤ ቤታቸው ከመንገዱ በላይ ነው። «አብሽሩ» አሉ፣ ምን እንደሆንን እንኳ ሳይጠይቁ። «አብሽር» ወሎ ውስጥ አይዞህ ማለት ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ይለዋል። እኛ አዳማ «አይዞሽ» ብለን እናልፋለን፤ እሳቸው ግን «አብሽሩ» ብለው ሻንጣችንን ተሸከሙ።

ሚስታቸው እትዬ የሺ ተልባና ሽሮ አቀረቡ። «ዓርብ ጾም ነው፤ ለእንግዳ የሚሆን ነገር የለም» ብለው አፈሩ። ሐዋ «እትዬ፣ እኔ እስላም ነኝ፤ ጾም መሆኑ በጀን፣ ያለ ጭንቀት እንበላለን» ስትላቸው ሳቁና ተልባውን ጨመሩላት። አልጋቸውን ለቀውልን እነሱ መደብ ላይ ተኙ። እንቢ ብንልም አልሰሙም።

ቅዳሜ ገና ጎህ ሳይለይ ክላክሱ ቀሰቀሰን።

መኪናዋ የድሮ ባለቤቷ ያስገጠመላት የሌባ ማስጠንቀቂያ አላት። ሽቦው አርጅቷል፤ የሌሊቱ ጤዛ ሲገባበት የሚያደርገውን ያጣል። ያን ጠዋት ሳያቋርጥ፣ በአንድ ረጅም ድምፅ፣ ሸለቆውን ሙሉ ይጮህ ነበር። በባዶ እግራችን ሮጥን። ባትሪውን ለመንቀል ብንታገል የባትሪው ራስ ዝጎ እንቢ አለ። ጋሽ ደምሌ ፒንሳ ሊያመጡ ተመለሱ። አምጥተው ስንነቅለውና ዝም ሲል ጎሁ ለይቷል፤ ቀና ስንል ተራራው በሰው ተሞልቷል።

ከየአቅጣጫው ይወርዳሉ። ወንዶቹ ዶማና አካፋ ይዘዋል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አንዲት ሴት ከሩቅ «ደምሌዬን! ወንድሜን!» እያሉ ያለቅሳሉ።

እዚህ ላይ ላብራራ። እኛ አዳማ እድር የምንለው ወሎ ውስጥ ቅሬ ይባላል። አንድ መንደር፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ በአንድ ቅሬ ይቀበራል። ሰው ሲሞት ጎህ ሲቀድ ጥሩምባ ይነፋል። ጥሩምባ የሰማ ዶማውን ይዞ ይወጣል፤ የቀረ ይቀጣል። የእኛ ክላክስ ደግሞ የጥሩምባውን ያህል ረዘመ፤ ከጋሽ ደምሌ ደጅም ነው የመጣው።

የቅሬው ዳኛ ሼህ ኑርዬ ከሁሉም ቀድመው ደረሱ። ጋሽ ደምሌን ፒንሳ እንደያዙ ሲያዩአቸው በድንጋጤ ቆሙ።

«ደምሌ! አንተ አይደለህም እንዴ የሞትከው?»

«እንዴት ልሙት፣ ቆሜ የለ!»

«የሺስ?»

«ውስጥ እሳት ታነዳለች።»

«ታዲያ ማን ነው?»

ሐዋ በጣቷ ወደ መኪናዋ ጠቆመች። «እሷ ናት፣ ሼህ። ይቅር በሉን።»

ሼህ ኑርዬ መኪናዋን ዞረው አዩአት። አንድ ዐይኗ ተከፍቶ ቀርቷል። «ዐይኗንም የሚከድናት ሰው አላገኘችም» አሉ።

ከዚያ በኋላ የተሳቀውን ሳቅ ልገልጸው አልችልም። የሚያለቅሱት ሴት የጋሽ ደምሌ እህት ነበሩ፤ ወንድማቸውን አቅፈው አንዴ ይስማሉ፣ አንዴ በቡጢ ይመታሉ። አንዱ «ኧረ ሙሔ አልመጣም፣ ይቀጣ!» ሲል ሌላው «የሞተችው መኪና ናት ብሎ ይከራከራል» ይለዋል። እኔ በኀፍረት መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሐዋ ግን ሠርጉን፣ ዘይነብን፣ ዙሁርን፣ የተቆረጠውን መንገድ ሁሉ ለሼህ ኑርዬ ነገረቻቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ጎርፉ ወደ ቆረጠው ቦታ ሄደው አዩት።

«ይህን ስንት ክረምት አለፍነው?» አሉ ሰዎቹን።

«በበቅሎ ስለምንዘለው ረስተነው» አለ አንዱ።

«ቅሬ ወጥቷል። ዶማ ይዘን ወጥተን፣ አፈር ሳንነካ አንመለስም። ለቀብር የመጣ ዶማ ለሠርግ ይዋል።»

ገቡበት። ከፊሉ ጠርዙን ይቆርጣል፣ ከፊሉ ድንጋይ ይደረድራል፣ ሴቶቹ ጠጠር በቁና ያመጣሉ። ያለቀሱት የጋሽ ደምሌ እህት ከሁሉም በላይ ይሠራሉ፣ ከሁሉም በላይ ይሳደባሉም። እኔም ድንጋይ አቀበልኩ። እትዬ የሺ ለሁሉም ቆሎ ቆሉ። ፀሐይዋ ስትሞቅ ጎርፍ የቆረጠው ቦታ መንገድ ሆኖ ነበር። ባትሪውን መልሰን፣ የዚያን ጯሂ ክላክስ ሽቦ ግን ቆርጠን፣ ሌሊቱን በርዳ ያደረችውን መኪና አስነሣናት። ስንሻገር ሆዷ አልነካም። አንዲት ጠጠር እንኳ አልፈናጠረችም። ሼህ ኑርዬ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉልን፤ ጋሽ ደምሌ አጠገባቸው ቆመው «አሜን» አሉ።

ወግዲ ላይ መሪማን አገኘናት። ጠባብ ሱቅ፣ የተከፈቱ ስልኮች፣ አንድ ወንበር። መብራት ጠፍቷል።

«መኪና ፈትቼ አላውቅም» አለች።

«እኔም ስታኞ በይጄ አላውቅም» አልኳት። «ግን የትኛው እንደሚበየድ አውቃለሁ።»

«እንግዲያውስ አንድ ሙሉ ሰው ወጥቶናል» አለችና ወንበሩን ገፋችልኝ።

ሪሌዩን ከፍተን በማጉያ መነጽሯ አየነው። እግሮቹ ዙሪያ እንደ ፀጉር የቀጠነ ክብ ስንጥቅ ነበር። ልክ እንዳሰብኩት ነው፤ ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ የሳልኩትን ነገር በዐይኔ አየሁት። መብራት ስለሌለ መሪማ መበየጃውን ከጎረቤት ከሰል ላይ አጋለችው። እኔ ያዝኩ፣ እሷ በየደች፤ ከዚያ «አሁን አንቺ» ብላ መበየጃውን ሰጠችኝ። የመጀመሪያዬ ጎርበጥባጣ ሆነ። ሁለተኛው እንደ ጤዛ ክብ አለና አብረቀረቀ። ዋጋ ስንጠይቃት «ለሙሽራ ነው ብላችሁኛል፤ ከሙሽራ አልወስድም» ብላ ሐዋን ጉንጯን ሳመቻት። ያን ቀን ወግዲ አደርን፤ የመሪማ እናት ቤት።

እሑድ ረፋድ መካነ ሰላም ገባን። ከአባ ሙሐመድ፣ ከሐዋ አባት፣ ደጅ ሚኒባሱ ቆሟል፤ ሞተሩም ተነሥቷል። አንድ የሙሽራው ወገን ሰዓቱን እያየ ነበር። ዘይነብ ተሸፍና በሩ ላይ ቆማለች። ቀዩዋ መኪና በአንድ ዐይኗ ስትገባ እልልታው ቀለጠ። ሐዋ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ «ሞተሩን አላጠፋም፤ ግቢ ቶሎ!» አለቻት።

አባ ሙሐመድ ግን በሁለት እጃቸው ኮፈኑን ያዙት። «ሐዋዬ፣ ልጄ። ያለ ዱዓ አትወጣም። ዱዓ ደግሞ በሞተር ጩኸት አይደረግም። አጥፊው።»

ሐዋ እኔን አየችኝ። ፀሐይዋ ከርራለች። ከወግዲ ጀምሮ ሳንቆም ነው የመጣነው፤ ኮፈኑ እጅ ያቃጥላል። ልክ እንደ ጀማ፣ ልክ እንደ ወንጪት። የሚኒባሱ ሾፌርም ይህን ያወቀ ይመስል ፈገግ አለ።

«አጥፊው» አልኳት። እጄ ላይ መሪማ ሱቅ መበየጃው ያቃጠለኝ ትንሽ ምልክት ነበር፤ እሱን ጨበጥኩት።

አጠፋችው።

ዱዓው ረዘመ። አባ ሙሐመድ ለሙሽሮቹ፣ ለመንገደኛው፣ ለአገሩ፣ ለዝናቡ ሁሉ ለመኑ። ሐዋም አገሯ ያልነበረችባቸው ዓመታት ሁሉ እንዲካሱላት ለመኑ። «አሚን» ተባለ። ዘይነብ ገብታ እኔ ከወረድኩበት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሐዋ ቁልፉን ከፈተች፤ አላዞረችም፣ ከፈተች ብቻ።

ጥዝዝ።

ሞተሩ በአንዴ ተነሣ። ማብሪያውን ነካችው፤ የመኪናዋ ግራ ዐይን ተገለጠ፣ ቀኙ ደግሞ ማን እንደነካው ሳላውቅ ግማሽ ድረስ ብቅ ብሎ ቆመ። «እያየችኝ ነው!» ብላ ዘይነብ ከሽፋኗ ውስጥ ሳቀች። ሁለቱ እህትማማቾች ከአባታቸው ደጅ አብረው ወጡ። እኔ ከሚዜዎቹ ጋር በሚኒባሱ ተከተልኳቸው፤ ሾፌሩ እስከ ሙሽራው ቤት ድረስ ስለ ሪሌይ ሲጠይቀኝ ሄደ።

አዳማ ከተመለስኩ በኋላ ያን ያባቴን ሬዲዮ ከቆጥ አውርጄ ክዳኑን ፈታሁት። እናንተም እስኪ ሞክሩት። ቤታችሁ ውስጥ በጥፊ የሚኖር ዕቃ ካለ ከመምታታችሁ በፊት ጠይቁት፦ የሚሞተው ሲሞቀው ነው ሲበርደው? መብራቱን ነቅላችሁ ክፈቱት፤ ከእግሮቹ ዙሪያ ያን ቀጭን ክብ ስንጥቅ ፈልጉ። የማታውቁትን ግማሽ የሚያውቅ ሰው ደግሞ አጠገባችሁ አስቀምጡ። መንገድ ላይ ከቆማችሁም አትፈሩ፤ ክላክሱን አንዴ ረዘም አድርጋችሁ ንፉና ማን ዶማ ይዞ እንደሚመጣ ቆማችሁ እዩ።